የስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፦ ትራክ ላይ እንዴት ይመዘናል፣ ወጪውስ እንዴት ይሰላል?

እዚህ ዲሲ አካባቢ ቡና ላይ የመኪና ወሬ ሲነሳ ሁሌም ሁለት ጥያቄ ይቀድማል። «ስንት ፈረስ ነው?» ይባላል፣ ቀጥሎ «በስንት ገዛኸው?» ይመጣል። ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ግን መኪናውን ትራክ (የመኪና መሮጫ ሜዳ) ይዛችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ ብዙም አይጠቅሟችሁም፤ የፈረስ ጉልበት የሚነግራችሁ ቀጥታ መንገድ ላይ ስለሚሆነው ነው፣ የተገዛበት ዋጋም የመጀመሪያው ወጪ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። መኪናው አምስተኛው ዙር ላይ እንደ መጀመሪያው ዙር ነው ወይ? አንድ ደቂቃ ትራክ ላይ ስነዳውስ ስንት ዶላር ይበላል?

ይህን ያስተማረኝ ፍሬን ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ሰሚት ፖይንት ነበር። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ይዤ የሄድኩት ባለ አራት በር፣ ከባድ፣ ጉልበቱ የሚያስደነግጥ መኪና ነበር። ሦስት ዙር በጣም ደስ እያለኝ ነዳሁ። አራተኛው ላይ፣ ረጅሙ ቀጥታ አልቆ ኩርባ 1 ልገባ ስል ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጥኩ ይመስል ወደ ታች ሰመጠ። አጠገቤ የተቀመጠው አሠልጣኝ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ደጋግመህ ርገጥ፣ ደጋግመህ» አለኝ። በጭንቅ ያዘ። ወደ ውስጥ ስንመለስ ከፊት ጎማዎቹ በኩል ጭስ ይወጣል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነበር። በዚያው ሰዓት አንዲት የቆየች ማዝዳ ሚያታ (ጣሪያዋ የሚገለጥ ትንሽ የስፖርት መኪና)፣ የእኔን መኪና ግማሽ ጉልበት እንኳ የሌላት፣ 20 ደቂቃውን ሙሉ ስትዞር ቆይታ ምንም ሳትሆን ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና የምመዝንበት መንገድ ይኸው።

1. መጀመሪያ ክብደቱን እዩ

ጉልበቱን ለጊዜው ተዉት። ክብደት ፍሬን ያቃጥላል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ይጎትታል። ጉልበት መጨመር ይቻላል፤ 300 ኪሎ መቀነስ ግን በቀላሉ አይሆንም።

አሁን ያለችው ሚያታ (በ2015 የወጣችው) 1,070 ኪሎ ገደማ ናት፣ ከ2019 ሞዴል ጀምሮ 181 የፈረስ ጉልበት አላት። ቶዮታ ጂአር 86 ከ1,270 እስከ 1,300 ኪሎ ይመዝናል፣ 228 ፈረስ። አዲሱ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር 1,450 ኪሎ አካባቢ ሆኖ 315 ፈረስ አለው። ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ የሆነው ኮርቬት ሲ8 ከ1,600 ኪሎ በላይ ነው፣ 490 ፈረስ። ክብደቱን ለጉልበቱ ካካፈላችሁ ሚያታ ለእያንዳንዱ ፈረስ 6 ኪሎ ገደማ ትሸከማለች፣ ኮርቬት ከ3 ኪሎ ተኩል የማይበልጥ። ቀጥታ ላይ ኮርቬት ጥሏት ይሄዳል፣ ክርክር የለውም። ኩርባው ላይና ክፍያው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን አገር ያለው ኑርቡርግሪንግ ላይ «በዚህን ያህል ደቂቃ ዞረ» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ አትግዙ። ትራኩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። የሚነዳው ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ ባለሙያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታሰረውም ለብቻው የሚሸጥ ልዩ ጎማ ነው። እናንተ የምትነዱት መኪና ያ አይደለም።

2. ሄልሜት አድርጋችሁ ተቀመጡበት

ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም፣ ግን ነፃ ነው። ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ እያየ አድርጉት፣ ምንም አያሳፍርም። ጣሪያው ይነካችኋል? መሪውን ስታዞሩ ክርናችሁ በሩን ይመታል? ፍሬን እየረገጣችሁ በዚያው እግር ጎን ነዳጁን ነካ ማድረግ ትችላላችሁ?

ጣሪያዋ የሚገለጥ መኪና ከሆነች ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ አዘጋጆች ከሹፌሩ ጀርባ የብረት ቅስት እንዲተከል ይፈልጋሉ። መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላታችሁን የሚያድነው እሱ ነው። ልክ መሆኑን የሚያዩት በመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ አናት ድረስ ያጋድሙታል፣ የተቀመጠው ሰው ሄልሜት ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ሚያታ እዚህ ላይ ልትወድቅባችሁ ትችላለች። የቅስቱን ዋጋም ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩት።

3. መንገድ ላይ ትንሹን ብቻ ፈትሹ

ለሙከራ ስትነዱ 495 አውራ ጎዳና ላይ ወይም ሰፈር ውስጥ የመኪናውን መጨረሻ ለማየት አትሞክሩ። ሰው አለ፣ ልጅ አለ። እዚያ ማወቅ የምትችሉት ይህንን ነው፦ መሪውን ለቀቅ ስታደርጉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? ጉብታ ካለፈ በኋላ አንዴ ተነስቶ ይረጋል ወይስ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል? ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ አልቋል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ማርሽ ሲገባ ያንገጫግጫል? ሌላውን ለትራክ ተዉት።

4. ሳትገዙ ትራክ የምትደርሱበት መንገድ

በጣም ርካሹ አውቶክሮስ ነው። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ኮን ይደረድሩና አንድ በአንድ ትነዳላችሁ፣ ፍጥነቱ ብዙም አይደለም። ከ1944 ጀምሮ ያለው ኤስሲሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በየአካባቢው ያዘጋጃል። ሄዳችሁ ቁሙ፣ ሰላም በሉ፣ «አብሬህ ልቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሄልሜት ያበድሯችኋል። የምትፈልጉት ዓይነት መኪና ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። የመኪና ሰው መኪናውን ማሳየት ይወዳል፣ የትም አገር አንድ ነው።

ቀጥሎ ያለው የአሠልጣኝ ቀን ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ አሠልጣኝ ጎናችሁ ይቀመጣል፣ ቀኑ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ 20 ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍለ ጊዜዎች ይከፈላል፣ ፊት ያለው ሹፌር በእጁ ካላሳለፋችሁ ማለፍ የለም። አዲስ ጂአር 86 የሚገዛ ሰው ናሳ ከሚባለው የመኪና ስፖርት ማኅበር (የጠፈሩ አይደለም) የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ ነፃ የትራክ ቀን ያገኛል። ይህን ሳይጠቀምበት የሚያሳልፍ ሰው አሳዝኖኛል።

ከመሄዳችሁ በፊት የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ። የተለመደው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፣ እሱም ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

5. አንድ ኩርባ መርጣችሁ በአምስት ክፈሉት

መኪና «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ ማውራት ከንቱ ነው። የት ላይ ጥሩ ነው? አንድ ኩርባ ምረጡ፣ በየዙሩ እዚያው ኩርባ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ። ሁሉንም ባንዴ ለማየት ከሞከራችሁ ምንም አታዩም።

አንደኛ፣ ፍሬን ሲያዝ። ቀጥ ባለው ላይ ጠንክራችሁ ስትረግጡ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ወይስ ጭራው ይቅበዘበዛል? ፔዳሉ ድንጋይ ነው ወይስ ይሰጣል? ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎማው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ መሪውን ስታዞሩ። አፍንጫው ወዲያው ይታዘዛል ወይስ ትንሽ አስቦ ነው? ሚያታን የነዳ ሰው ይህን አይረሳም፤ እጃችሁን ገና ነቅነቅ ስታደርጉ ትገባለች፣ ሰውነቷ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ለስላሳ ስለሆነች ጋደል ትላለች። መጋደሉ ያስፈራል እንጂ መጥፎ አይደለም፣ ጎማው ምን እየሆነ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ መሃል ላይ። እዚህ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ መሪውን እያዞራችሁ አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፣ አንደርስቲር የሚሉት ነው፣ ወይ ጭራው ሊቀድማችሁ ይሞክራል፣ ኦቨርስቲር የሚሉት። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል። ዋናው ግን የትኛው መሆኑ ሳይሆን በቀስታ መምጣቱ ነው። ጥሩ መኪና ሊለቅ ሲል ቀድሞ ይነግራችኋል፣ መሪው ቀለል ይላል፣ ጎማው ማልቀስ ይጀምራል፣ ወንበራችሁ ላይ ይሰማችኋል። መጥፎው ይዞ፣ ይዞ፣ ድንገት ይለቃል።

አራተኛ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ። ይህን አሠልጣኝ አጠገባችሁ ሳይኖር አትሞክሩ። መሃል ኩርባ ላይ እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀላል። አፍንጫው ጠበብ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ጎበዝ መኪና ነው። ጭራው ከዘለለ ያ መኪና የደነገጠን ሰው አይምርም፣ ጀማሪ ደግሞ ይደነግጣል።

አምስተኛ፣ ስትወጡ። ነዳጅ ስትሰጡ የውስጠኛው ጎማ ብቻውን እየተሽከረከረ ጉልበቱን ያባክናል ወይስ ሁለቱም ይገፋሉ? ይህ የዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጉዳይ ነው። ማንዋሉ ጂአር 86 አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል ይዞ ይመጣል። ሚያታ ውስጥ ግን ሁሉም ደረጃ የለውም፣ ማንዋል የሆነው ክለብ የሚባለው ደረጃ አለው። ሁለት ሚያታ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ይመስሏችኋል፣ ጠባብ ኩርባ ሲወጡ ግን ሌላና ሌላ መኪና ናቸው። ኮርቬትም እንዲሁ ነው፤ ዜድ51 የሚባለው ጥቅል ያለው ትልልቅ ፍሬን፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ የተሻለ ዲፈረንሻልና የበጋ ጎማ አለው። ያለ እሱ ርካሽ ያገኛችሁት ኮርቬት ለትራክ ርካሽ አይደለም።

6. አምስተኛው ዙር

እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ሙቀት ሲገባ ነው ማንነቱ የሚታወቀው።

የሞተሩን የውኃና የዘይት ሙቀት በየዙሩ ቀጥታው ላይ አንዴ ገረፍ አድርጋችሁ እዩ። ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥሩ ነው። እየወጣ፣ እየወጣ ከሄደ ማቀዝቀዣው አልበቃውም። አንዳንድ መኪና ሲግል ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል፣ በተለይ ተርቦ ያላቸው። የገዛችሁት 300 ፈረስ የጁላይ ሙቀት ላይ 300 አይሆንም።

ፍሬኑን ደግሞ በእግራችሁ ለኩት። በመጀመሪያው ዙር ፔዳሉ የት ላይ ነው የያዘው? በአምስተኛው የት ላይ ያዘ? ሁለት ዓይነት መድከም አለ፣ አታምታቱት። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ነው የጋለው። ፔዳሉ ራሱ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ያለው መለኪያ ግን 155 ብቻ ነው። የኔ መኪና ጣጣ ይኸው ነበር፣ ዘይቱ ለዓመታት አልተቀየረም። ስለዚህ መኪና ከመውቀሳችሁ በፊት አዲስ ዘይት አድርጉለት። በአዲስ ዘይትና በተሻለ ሸራ አምስት ዙር ካልቻለ ያኔ በክብደቱ ፍረዱት።

ሰዓት መያዝ ያምራችኋል። ብዙ ቦታ ለጀማሪ ይከለከላል፣ ደግሞም ልክ ነው። በሱ ፋንታ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ከመኪናው እንደወረዳችሁ፣ ከማንም ጋር ሳታወሩ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሙቀት፣ ጎማ ብላችሁ አራት መስመር ጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምታስታውሱት ደስታውን ብቻ ነው።

7. ጎማው የጻፈውን አንብቡ

ወጥታችሁ መኪናውን ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ተዉት። ከዚያ ወርዳችሁ ጎማው ጋ ቁጭ በሉ።

እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፣ የትኛው ይበልጥ ግሏል? ሰሚት ፖይንት ላይ ኩርባው ወደ ቀኝ ስለሚበዛ የግራ ፊት ጎማ ነው የሚሠቃየው። አየሩን ለኩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ከለካችሁት በጥቂት ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ከፍ ማለቱ ጤነኛ ነው። የጎማው ትከሻ ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክቶች አሉ። ጎማው ኩርባ ላይ ታጥፎ እስከየት እንደተፋቀ የሚታየው እዚያ ነው። ጥቁሩ ከሦስት ማዕዘኑ ጫፍ አልፎ ጎኑ ድረስ ከሄደ ወይ አየር አንሶታል ወይ ጎማው በቂ ዘመም አላለም።

ይህ ዘመም የማለት ነገር ገንዘብ ነው። የፊት ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ዘመም ካላለ የውጪው ትከሻ ብቻ ያልቃል፣ ግማሹ ያልተነካ ጎማ ትጥላላችሁ። ሚያታ ፊትም ኋላም ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይስተካከላል። ጂአር 86 ፊቱን ለማዘመም የተለየ ቡሎን ወይም ሳህን መግዛት ይጠይቃል። ብዙ ዋጋ አይደለም፣ ግን ቀድማችሁ እወቁት።

8. አሁን ሂሳቡ

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች መኪና ገንዘብ ነው ብለን ነው ያደግነው። ዛሬ ተገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ አትርፎ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ አይሠራም። ግን ጥያቄው፣ «ሲሸጥ ያወጣል ወይ?» የሚለው፣ እዚህም ትልቁ ጥያቄ ነው፣ ብቻውን አትጠይቁት እንጂ።

በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹን በእናንተ ቁጥር ተኩ። ቀኑ አራት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ነው እንበል።

ቀላሉ መኪና፦ መግቢያ 300 ዶላር። አራት ጎማ 800 ዶላር ሆኖ 6 ቀን ከቆየ ለቀኑ 133። የፍሬን ሸራ 240 ሆኖ 4 ቀን ከቆየ 60። ቤንዚን 100። ድምር 593 ዶላር፣ ለደቂቃ 7 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ።

ከባዱና ኃይለኛው፦ መግቢያ ያው 300። ጎማው 1,800 ሆኖ 4 ቀን ከቆየ ለቀኑ 450። ሸራው 600 ሆኖ 3 ቀን ከቆየ 200። ቤንዚን 170። ድምር 1,120 ዶላር፣ ለደቂቃ 14 ዶላር።

በዓመት 10 ቀን ብትሄዱ ልዩነቱ 5,270 ዶላር ነው። ገና የወረደውን ዋጋ አልነካንም። ቀላሉ በ30,000 ተገዝቶ ከሦስት ዓመትና ከ30 የትራክ ቀን በኋላ በ24,000 ከተሸጠ በየቀኑ 200 ዶላር ጨምሩ። ከባዱ በ60,000 ተገዝቶ በ45,000 ከተሸጠ በየቀኑ 500። ለደቂቃ ወደ 10 ዶላርና ወደ 20 ዶላር ደረስን ማለት ነው። ሁለተኛው ለእናንተ በደቂቃ እጥፍ ደስታ ይሰጣል? ይሰጣል ካላችሁ ግዙት፣ የኔ መልስ የናንተ አይደለም። ግን ቁጥሩን አይታችሁ ወስኑ።

የጎማውን ቁጥር ሳትገዙ በፊት ጎኑ ላይ አንብቡት። ሚያታ በ17 ቸርኬዋ 205/45 ነው፣ ጂአር 86 በ18 ቸርኬው 215/40፣ ታይፕ አር 265/30 አር 19። ኮርቬት ፊቱ 245/35 አር 19፣ ኋላው 305/30 አር 20 ነው። ፊትና ኋላ ስለማይገጥሙ የፊቱን ወደ ኋላ እያዞራችሁ ዕድሜ ማስረዘም አትችሉም። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ጎማ ሻጭ ጋ ደውሉ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

9. ያገለገለ ከሆነ

ትራክ የወጣ መኪና ሁሉ አይጣልም። በየጊዜው ዘይቱን የቀየረ፣ ደረሰኙን በፖስታ አድርጎ የያዘ ባለቤት ካገኛችሁ «ትራክ አይቶ አያውቅም» ብሎ ከሚምል ሻጭ እሱን እመርጣለሁ። የሚምለውን ግን ፈትሹት። የጎማው ጉድጓድ ውስጥ የተጣበቀ የላስቲክ ፍርፋሪ አለ? መጎተቻ መንጠቆው የሚገባበት ቦታ ቀለሙ ተፍቋል? ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል? በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ምልክቱ ካለና ሰውየው ከካደ፣ ጥላችሁ ሂዱ።

10. እኔ ዛሬ ብገዛ

30,000 ዶላር ገደማ ይዤ ብወጣ ማንዋል ጂአር 86 እወስዳለሁ። የኋላ ወንበሩን ሳጥፈው አራት የትራክ ጎማ ይገባበታል፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራ ያደርሰኛል። አጭር ሰው ብሆንና ሌላ የሥራ መኪና ቢኖረኝ ሚያታ ክለብ፣ ያለ ጥርጥር። ገንዘቡ ከዚህ በጣም ካነሰ የድሮዋን፣ ከ1989 ጀምሮ የተሠራችውን የመጀመሪያዋን ሚያታ፣ ዝገት የሌላትን እየፈለግሁ እቆያለሁ።

የትኛውንም ብወስድ ከመኪናው ዋጋ 2,000 ዶላር ቀንሼ አስቀምጣለሁ። ለፍሬን ዘይት፣ ለሸራ፣ ኤስኤ የሚል ምልክት ላለው የመኪና ሄልሜት (የሞተር ሳይክሉን ብዙ ቦታ አይቀበሉም)፣ ለሁለት የትራክ ቀን መግቢያና የጎማ ቡሎን ለሚያጠብቅ ባለ ልክ ቁልፍ። ቁልፉ ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ 20 ደቂቃ በኋላ ጎማው ቀዝቀዝ ሲል ሁሉንም ቡሎን አንድ በአንድ አጥብቁ። አንድ ቀን አንዱ ሩብ ዙር ሲዞር አይቻለሁ፣ ማታ ወደ ቤት የምመለስበትም መኪና ያው ነበር።